የኢየሩሳሌም የቡድን ጉዞን በተሻለ ሁኔታ ለመምራት

ለትንሣኤ በዓል ምእመናንን ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ አስጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ የዕለቱን መርሐ ግብር ማቅለል ይኖርበታል፤ ቤተ ልሔምን፣ ደብረ ዘይትንና ጎልጎታን በአንድ ቀን ማጨናነቅ ተጓዡን ከማድከም በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። የአሮጌው ከተማ መንገዶች ጠባብና ደረጃ የበዛባቸው ስለሆኑ የቡድኑ ፍጥነት ሊወሰን የሚገባው ከፊት በሚቀድመው ጎልማሳ ሳይሆን ጉልበታቸው በደከመው እናት አቅም ነው። አንድ ረዳት ሁልጊዜ ከኋላ ይሁን፤ በበዓሉ ሰሞን ነጠላ የለበሰ ሁሉ የራስ ሰው ስለሚመስል ከሌላ ቡድን ጋር ተቀላቅሎ መሄድ ቀላል ነውና፣ እያንዳንዱ ተጓዥ የሆቴሉን ስምና የአስጎብኚውን ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ በአንገቱ ያንጠልጥል።

ገለጻ የሚሰጥበት ቦታና ሰዓትም ሊታሰብበት ይገባል። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በሚገኘውና ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሚኖሩበት ገዳም በዴር ሡልጣን፣ መነኮሳቱ በሚያድሩባቸው ትንንሽ ክፍሎች ደጃፍ ቆሞ ረጅም ንግግር ከማድረግ ይልቅ፣ የይዞታውን ታሪክ በዋዜማው ማታ በሆቴል ተረጋግቶ ማስረዳት፣ በቦታው ግን የሚታየውን ብቻ ማመልከት ይሻላል፤ ለጸሎትም ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ በሁለቱ ጸሎት ቤቶች በኩል ወደ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲወረድ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ አረጋውያንን መደገፍ ያስፈልጋል። ወደ ቤተ ልሔም ሲኬድ ደግሞ፣ በመመለሻው የፍተሻ ኬላ ስላለ፣ አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት የሁሉም ፓስፖርት መያዙ ይረጋገጥ።