የአንኮበር ደርሶ መልስ፦ ቀኑን የሚያበላሹ ስህተቶች

ከደብረ ብርሃን ወደ ቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ወደ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ቁጥር ነው። «ቅርብ ናት» ተብሎ ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ቤንዚን ተቀድቶ ይወጣል። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ሲደረስ እኩለ ቀን ሆኗል፣ ጉሙም ቀድሞ ወጥቷል።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚያው ቀን መመለስ

ይቻላል፣ ግን የጉዞው ማሳረጊያ የሆነው የ9 ሰዓቱ የአንኮበር ሻይ ይቀራል። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን መካከል 130 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከሰዓት በኋላ ተረጋግቶ ሻይ የጠጣ ሰው ከአንኮበር የሚነሳው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሲገባ 11 ሰዓት ያልፋል፣ 12 ሰዓት ላይ ይጨልማል። የቀረውን መንገድ መብራት ከሌለው ጋሪ፣ ወደ በረት ከሚነዳ ከብትና ከጭነት አይሱዙ ጋር እየተጋፉ መጨረስ ነው። ዋዜማውን ደብረ ብርሃን ያድሩ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንም እዚያው ማታ ከሹፌሮች ይጠይቁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት።

ጣርማ በርን መደረብ

«እግረ መንገዳችንን ዋሻውን እንይ» ይባላል። እግረ መንገድ አይደለም። ጣርማ በርና ደብረ ሲና ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ናቸው፤ አንኮበር ወደ ምሥራቅ ነው። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻና የደብረ ሲና ቆሎ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ።

ጎረቤላ ላይ «ደረስን» ማለት

የአሁኑ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው። የነገሥታቱ አንኮበር ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ ለብቻው የቆመው ሾጣጣ ኮረብታ ነው። በሕዝብ መኪና የሚሄድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የት እንደሚያወርዱት፣ የመጨረሻው መልስ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳም ይጠይቅ።

ኮረብታውን ለከሰዓት ማቆየት

ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንኮበር የተቀመጠችው ደጋው ተቆርጦ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ሜዳ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነው። ፀሐይ ቆላውን ስታሞቀው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጉምም ይሆናል። ስለዚህ ኮረብታው ላይ የሚወጣው ጠዋት ነው። ከደብረ ብርሃን 1 ሰዓት ላይ የተነሳ 3 ሰዓት ሳይሞላ ሽቅቡን ይጀምራል። በጣም ማለዳም አይመከርም፤ እይታው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጋለች፣ ፎቶው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው።

ሽቅቡ አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ግን ነው። መኪና ጫፉ ድረስ አይወስድም። ከቆላ የመጣ ሰው በመቶ እርምጃ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ የአየሩ መሳሳት ነው። በየ 50 እርምጃው ቆም ማለት፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ማድረግ፣ ለአዛውንት ምርኩዝ መያዝ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚመጣ ሰው ጭቃና ጉም እንጂ አፋርን አያይም።

ፎቅና ዙፋን መጠበቅ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የገዙት ከዚህና ከአንጎለላ ነው። ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ግን ብዙ አልቀረም፤ የግንብ ፍርስራሽ ነው፣ አሁን የሚታየው ቤት በኋላ የተሠራ ነው። ይህን ሳያውቅ የወጣ ሰው «ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ይወርዳል። መታየት ያለበት አቀማመጡ ነው፦ ከጫፉ ሆኖ ከባሕር በኩል የሚመጣ ሰው ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ምኒልክ እዚህ ተወለዱ ማለትም ስህተት ነው፤ የተወለዱት አንጎለላ ነው።

አልዩ አምባን መዝለል

ከሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። ከአንኮበር በታች፣ ወደ ቆላው ሲወረድ፣ አርጎባዎች የሚኖሩባት አልዩ አምባ አለች። ሸዋ ባሕር የላትም፤ የባሕር በሯ ግን ይህች ገበያ ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ ወደቦች የሚነሳው የግመል ሲራራ እዚህ ነበር የሚያራግፈው። ወደ ላይ የአሳል ሐይቅ ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ወደ ታች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ባሪያም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1841 ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተዋዋለው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ሃሪስም ከታጁራ ተነስቶ በዚሁ አቅጣጫ ነው የመጣው።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ። ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ሞቆ ይሸሽበታል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ 20 ደቂቃ ማቆም ነው፣ ውሃ መድፋት ግን አይገባም። ታች ሲደርሱ ጃኬቱ ይወልቃል። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ ከደረሱ መስጊዱ ደጃፍ አያቁሙ፣ ሰው ሳያስፈቅዱም ፎቶ አያንሱ። 8 ሰዓት ላይ ወደ አንኮበር የሚመልሰውን ሽቅብ ይጀምሩ።

ሻዩን ለዕድል መተው

9 ሰዓት ላይ አንኮበር ላይ ሻይ የሚጠጣው በፀሐዩ ምክንያት ነው። በበጋ ጉም ካልያዘው ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች፣ የተራራው ጥላ ቆላው ላይ እየረዘመ ሲሄድ ይታያል። ያን ሰዓት ሻይ እስኪፈላ በመጠበቅ የሚያሳልፈው ብዙ ነው። ጠዋት ሲያልፉ «ለዘጠኝ ሰዓት ለአራት ሰው» ብሎ ማዘዝ በቂ ነው። ሙሉ የቡና ሥነ ሥርዓት ግን አይዘዙ፤ ተቆልቶ ተወቅጦ እስከ በረካ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሦስተኛውን ጥሎ መነሳትም ነውር ነው።

ራሳቸው የሚያፈሉ ሰዎች የሚሳሳቱት ቅመሙንና ቅጠሉን አብሮ በመጨመር ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ቅመሙ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለ1 ሊትር ውሃ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ 5 ፍሬ ቅርንፉድና 4 ፍሬ ፈንከት የተደረገ ሄል ጨምሮ፣ ከድኖ 12 ደቂቃ ማፍላት፤ ከዚያ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ጨምሮ 4 ደቂቃ፣ ወዲያው ማጥለል። በፔርሙስ የሚይዝ ሰው ፔርሙሱን በፈላ ውሃ አሙቆ ይድፋው፣ ሻዩንም አጥልሎ ይጨምር፤ ቅጠሉ አብሮ ከገባ 9 ሰዓት ላይ የሚቀዳው መራራ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት አይጠብቁ። ከሻዩ ጋር የገብስ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይበቃል። መንገድ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ካጋጠመ ግን ዳቦው ከመኪና አይውጣ፤ አንዴ የለመደ መንጋ መኪና እያየ ወደ አስፋልት ይወርዳል።

ስኒው 10 ሰዓት ላይ ይመለስ። ጉሙ ከመጣ 9 ተኩል ላይ።