ልጃችሁ የልጆች ሜኑ አልበቃው ሲል፦ በፋስት ፉድ ቤት ምን ይታዘዝለት?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ቀን ማየቱ አይቀርም። ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ሃፒ ሚሉን፣ ማለትም በሣጥን የሚመጣውን የማክዶናልድስ የልጆች ምግብ፣ ሙልጭ አድርጎ ይበላና እጁን ወደ እናቱ ፍራይስ ይሰዳል። ገና መኪና ውስጥ ሳይገባ "እማዬ፣ አሁንም እርቦኛል" ይላል። ብዙዎቻችን ያኔ የምናደርገው አንድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የአዋቂ ኮምቦ፣ በርገር፣ ፍራይስና ለስላሳ በአንድ ላይ፣ እናዝለታለን።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ማክዶናልድስ ውስጥ ሃምበርገር፣ የልጆች ፍራይስ፣ የተቆረጠ ፖምና ወተት ያለበት ሃፒ ሚል 475 ካሎሪ ገደማ ነው። ቢግ ማክ የሚባለው የአዋቂ በርገር ከመካከለኛ ፍራይስና ከመካከለኛ ኮካ ጋር ሲታዘዝ 1,100 ገደማ ይደርሳል። ልጁ ግን በአንድ ሌሊት እጥፍ አላደገም። በሁለቱ መካከል ብዙ ደረጃ አለ፤ ግድግዳው ላይ በትልቁ የተሰቀለው ሥዕል ስለማያሳየው ነው የማናየው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ልጁ ሲያድግ የሚያድገው ዋናው ምግብ ይሁን። ፍራይሱና ለስላሳው ባሉበት ይቆዩ።

1. ረሃቡ የእውነት መሆኑን እዩ

ቤት ውስጥ ከአንድ ትሪ ስንበላ የልጅ መጠን የሚባል ነገር የለም። ልጁ እስኪጠግብ ይበላል፤ እንጀራ ካነሰው ይጨመርለታል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚበላ ቆም ብለን ያየነው ጥቂቶች ነን። የሃፒ ሚሉ ሣጥን ነው በድንገት የሚያሳየን።

ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። ሣጥኑን በየጊዜው ይጨርሳል፣ የታናሹን ትራፊ ይበላል፣ ቤት እንደገባ ፍሪጅ ይከፍታል። ይህ አንዴ ብቻ ከሆነ ያን ቀን ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ምሳ የሚበላው ገና ከረፋዱ ስለሆነ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሆዱ ባዶ ቢሆን አይገርምም። በየጊዜው ከሆነ ግን አድጓል ማለት ነው። ሴቶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምረው 11 ዓመት ተኩል አካባቢ፣ ወንዶች ደግሞ 13 ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአመጋገብ መመሪያ ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን የሚያስፈልገውን ለሴቶች ከ1,400 እስከ 2,200፣ ለወንዶች ከ1,600 እስከ 2,600 ካሎሪ አድርጎ ይገምታል። ልዩነቱን እዩት። ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲያሳድድ የሚውል ልጅና ቁጭ ብሎ የሚውል ልጅ እኩል አይርባቸውም።

ሣጥኑ የሚያንሰው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማክዶናልድስ በአሜሪካ ሜኑው ላይ የሚዘረዝራቸው ሃፒ ሚሎች ከ600 ካሎሪ እንዳያልፉ ወስኗል። ለስድስት ዓመት ልጅ ደህና ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ኳስ ተጫዋች ግን አይሆንም።

2. ስጋውን ጨምሩ

ሃፒ ሚል ውስጥ ያለው በርገር ስጋው ስስ ነው። ከአንድ ፓውንድ አሥር ይወጣል፤ ሳይጠበስ 45 ግራም ማለት ነው። ለሚያድግ ልጅ በቶሎ ቢያልቅበት አይፈረድበትም። እንግዲህ ቀጣዩ ደረጃ ያው ስጋ ሁለት የሆነበት ነው። ማክደብል የሚባለው እንዲህ ነው፤ ሁለት ስጋ፣ አንድ ቺዝ፣ 390 ካሎሪ ገደማ። ኳርተር ፓውንደር ደግሞ ሳይጠበስ 113 ግራም የሚሆን አንድ ወፍራም ስጋ አለው። እሱን ለኋላ አቆዩት።

ናጌት (ትንንሽ የተጠበሰ የዶሮ ቁራጭ) ለሚወድ ልጅ መንገዱ ይበልጥ ቀላል ነው። ከአራት ወደ ስድስት፣ ከስድስት ወደ አሥር። አሥሩ 410 ካሎሪ ገደማ ነው። ቺክ ፊሌ ውስጥም ከልጆቹ አምስት ናጌት ቀጥሎ ስምንት አለ።

ፋይቭ ጋይስ ስትገቡ ተጠንቀቁ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1986 እዚሁ ሐበሻ በሚበዛበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ አርሊንግተን ቨርጂኒያ የተከፈተ ቤት ነው። የልጆች ሜኑ የለውም። "ሃምበርገር" ብላችሁ ካዘዛችሁ የሚመጣው ሁለት ስጋ ነው። ባለ አንዱን ከፈለጋችሁ "ሊትል ሃምበርገር" በሉ፤ ከልጆች ሣጥን ለወጣ ልጅ በልክ ነው። ፍራይሱም ትንሹ ራሱ ለሁለት ይበቃል።

3. ኮምቦውን ትታችሁ በነጠላ እዘዙ

ኮምቦ ስታዙ በርገሩ ብቻ አይደለም የሚያድገው። ፍራይሱም ለስላሳውም አብረው ወደ መካከለኛ ይወጣሉ። ማክደብል፣ ትንሽ ፍራይስና ውኃ ለየብቻ ብታዙ 620 ካሎሪ ገደማ ነው። ከሃፒ ሚሉ ይበልጣል፣ ከቢግ ማኩ ኮምቦ ግን በብዙ ያንሳል። እንግዲህ የጎደለው መካከለኛ ደረጃ ይኸው ነው።

ዋጋ ሲታይ አንዳንዴ ቅናሽ ያለበት ጥቅል ይረክሳል። ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት በ5 ዶላር ያወጣው ጥቅል ማክደብል ወይም ማክችክን (የዶሮ ሳንድዊች)፣ አራት ናጌት፣ ትንሽ ፍራይስና ትንሽ መጠጥ ነበረው። የዌንዲስ ቢጊ ባግም ተመሳሳይ ነው። ናጌቱን ለታናሹ ስጡት፤ ሁለት ልጅ ከአንድ ጥቅል ይበላል። ብዙ ጊዜ ቅናሹ የሚገኘው በአፑ ላይ ስለሆነ ከቤት ሳትወጡ እዩት።

4. ፍራይሱን መሐል ላይ አድርጉት

ትንሽ ፍራይስ 230 ካሎሪ፣ ትልቁ 480 ገደማ ነው። ለአራት ሰው አራት ትንንሽ ከመግዛት አንድ ትልቅ ግዙና ትሪው ላይ ያለውን ወረቀት ዘርግታችሁ መሐል ላይ አፍስሱት። ሁሉም ከዚያ ያነሳል። በአንድ ገበታ መብላት እኛ ስለምናውቅበት ልጆቹም አይከብዳቸውም። ደግሞ ማንም "የእኔ አነሰ" አይልም።

5. መጠጡ አያድግም

ባለ 12 አውንስ ኮካ ኮላ ጣሳ 39 ግራም ስኳር አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ስለዚህ ውኃ ወይም ወተት ይጠጣ። የቧንቧ ውኃ በትንሽ ኩባያ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል።

6. የጾም ቀን ከሆነ

ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ያስጾማል። ረቡዕና ዓርብ ከጨዋታ መልስ ከመኪና ሳይወረድ በሚታዘዝበት መስኮት (ድራይቭ ስሩ) ላይ ቆመን "ፍራይስ ብቻ ይብላ" የምንል ብዙ ነን። የአሜሪካው ማክዶናልድስ ፍራይስ ግን የበሬ ሥጋ ጣዕም የሚሰጥ ቅመም አለው፤ በውስጡም ከወተት የተገኘ ነገር አለ። ጾም አይደለም። ሐላል የሚበሉ ቤተሰቦችም ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

ደግሞም የሚያድግ ልጅ በፍራይስ ብቻ አይጠግብም። ታኮ ቤል ውስጥ የቦሎቄ ቡሪቶ ያለ ቺዝ ማዘዝ ይቻላል። ዌንዲስ ምንም ያልተጨመረበት የተጠበሰ ሙሉ ድንች አለው። እኔ ለትልልቆቹ ልጆች የምመርጠው ቺፖትሌን ነው። ሩዝ፣ ጥቁር ቦሎቄ፣ ከቶፉ የሚሠራው ሶፍሪታስ፣ ሰላጣ፣ ከፈለገም አቮካዶ። "ሩዝና ቦሎቄ ጨመር አድርጉልኝ" ቢል አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም። የፋይቭ ጋይስ ፍራይስም ድንች፣ ጨውና የኦቾሎኒ ዘይት ብቻ ስለሆነ ለጾም ይሆናል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ግን እዚያ ቤት አይግባ።

7. ወረፋ ሳትይዙ ወስኑ

ልጆቻችን እንግሊዝኛው ስለሚቀልላቸው የማዘዣውን ስክሪን የሚነኩት እነሱ ናቸው። ስክሪኑ ደግሞ "ኮምቦ ይሁን? ትልቅ ይሁን?" እያለ ይጠይቃል። ልጁም እሺ ይላል። ስለዚህ መኪና ውስጥ እያላችሁ ተነጋገሩ፤ ዋናውን ምግብ እሱ ይምረጥ፣ መጠጡንና ፍራይሱን እናንተ ወስኑ። ቁጥር ማንበብም አስተምሩት። 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሎሪውን ሜኑው ላይ የመጻፍ ግዴታ አለባቸው። ጨውም ይታይ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1,800 ሚሊግራም ሶዲየም ባያልፍ ይመረጣል፤ አንድ ማክደብል ብቻ የዚያን ግማሽ ገደማ ይወስዳል።

በልቶ ሲጨርስ አሁንም ቢለምን ወዲያው አትሰለፉ። 20 ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ሆድ መጥገቡን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። ያኔም ከራበው አራት ናጌት ጨምሩለት።

8. ስለ ሰውነቱ አትናገሩ

ይህን ከልቤ ነው የምለው። "ኧረ ስንቱን ትበያለሽ?" ወይም "ወፍረሃል እኮ" የሚለውን ንግግር እኛ ሰላምታ አድርገነዋል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ግን፣ ያውም ሰው ፊት፣ ያማል። አክስትና አጎትም አብረው ከሆኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሰውነቷ የሚለወጥ ልጅ መብላት ትፈልጋለች፤ ልትሸማቀቅበት አይገባም።

በተቃራኒው ደግሞ አንዷ በአሥራ ሁለት ዓመቷም ሣጥኑ ይበቃት ይሆናል። ትዘዘው። ተቀምጠው የሚበሉባቸው አንዳንድ ምግብ ቤቶች የልጆች ሜኑን ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ብለው ይጽፋሉ፤ ሃፒ ሚል ስታዙ ግን ዕድሜ የሚጠይቃችሁ የለም። ሣጥኑ ካሳፈራት ያንኑ ሃምበርገርና ትንሽ ፍራይስ በነጠላ አዝዛችሁ በተራ ከረጢት ይምጣላት። ታናሹም "እኔስ ለምን ትልቁን አላገኝም?" ብሎ ማልቀሱ አይቀርም። ከታላቁ አንድ ሁለት ናጌት ይድረሰው እንጂ ሣጥኑን ገና አትቀይሩበት።