ብር «በስህተት» ተላከልሽ ሲሉሽ መጀመሪያ ሂሳብሽን እዪ

ልጄ፣ ጅማ እንዴት ይዞሻል? ትምህርቱስ? ዛሬ ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የማደርገውን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለአንቺም ይሆናል።

ደንበኛ የቴሌብር ክፍያ መልእክት ከስልኩ ሲያሳየኝ ዕቃውን ወዲያው አላስረክብም። የራሴን ሂሳብ ከፍቼ ገንዘቡ መግባቱን አያለሁ። መልእክቱም ሆነ ስክሪንሾቱ በቀላሉ ተመሳስሎ ሊሠራ ይችላል።

አጭበርባሪዎች ተማሪም ላይ ይህንኑ ይሞክራሉ። «ብር ገባልሽ» የሚል መልእክት ይመጣል። ወዲያው አንድ ሰው ይደውልና «እህቴ፣ በስህተት ነው የላክሁልሽ፣ መልሺልኝ» ይላል። አንዳንዱ እያለቀሰ፣ እናቴ ሐኪም ቤት ናት እያለ ነው። አንቺ ደግሞ ሆድሽ ቶሎ ይባባል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ስልኩን ዝጊና በ*127# ቀሪ ሂሳብሽን እዪ። ካልገባ ነገሩ አለቀ። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ራስሽ አትመልሺ፤ ሰውየው 127 ደውሎ ያመልክት። የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚልሽም ጭምር።

ለዶርም ጓደኞችሽም ንገሪያቸው። የወሩን ብር አርብ እልክልሻለሁ፤ መግባቱን አይተሽ ደውዪልኝ።