ቧንቧ በሌለበት ቤት እጅን በንጽሕና ለመታጠብ
ውሃ በሚቋረጥበት ቤት ሁሉም ሰው ከአንድ ጆግ እየቀዳ ወይም በአንድ ሳፋ እየነከረ ሲታጠብ፣ የአንዱ ጉንፋን በጆጉ እጀታና በሳፋው ውሃ ለሌላው ይተርፋል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ ነው። ከታች፣ በጎኑ በኩል፣ በጋለ ቀጭን ምስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱና ውሃ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉት። ክዳኑ ሲላላ አየር ከላይ ስለሚገባ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ ሲጠብቅ ግን የውጩ አየር ግፊት ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ቀዳዳው ከሰፋ አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ክዳኑን ነው። የሚነካው ያልታጠበ እጅ ስለሆነ፣ እጅዎን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ሲያሹ ክዳኑንም አብረው ይሹት፤ ሳሙና የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርስ ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም አያሳስብም።

ልጆች ወረርሽኝ ሳይመጣ እንዲለምዱት፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) በሚታሰብበትና ደጃችንን በምናጸዳበት በኅዳር 12 መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቢሰቅሉት መልካም ነው። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩ፤ ለመጠጥ ግን አይጠቀሙበት።