ፉኬት ላይ ብቻዎን አንድ ሳምንት፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለት ሆነው የሄዱ እንደሆነ አንዱ ሲዋኝ ሌላው ቦርሳ ይጠብቃል፤ አንዱን ሲያመው ሌላው ፋርማሲ ይሮጣል። ብቻውን የሄደ ሰው ይህን ሁሉ ለራሱ ነው የሚያደርገው። ከታች ያሉት በታይላንድ ፉኬት ደሴት፣ በተለይ በምዕራቡ ዳርቻ (ፓቶንግ፣ ካሮን፣ ካታ) ደጋግመው የሚያጋጥሙ ናቸው።

ከፓስፖርት ሰልፍ ይመልሱዎታል

ታይላንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ፣ ፓስፖርቱ የአሜሪካም ሆነ የእስራኤል፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት የተወሰደ መሆን አለበት። መጀመሪያ ካርዱን የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ያሳዩ፤ ከዚያ ነው ወደ ኢሚግሬሽን ሰልፍ የሚኬደው።

ሌላው ምክንያት የዲጂታል መግቢያ ቅጹ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከመድረስዎ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎ የመንግሥት አይደለም፣ ይዝጉት።

ገንዘብዎ ሳይታወቅ ያልቃል

ኤቲኤሞች በውጭ ካርድ ባወጡ ቁጥር በአብዛኛው 220 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣሉ። ትንሽ ትንሽ ማውጣት የሚያከስረው ለዚህ ነው፤ የሳምንቱን በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ያውጡ። ማሽኑ «በካርድዎ አገር ገንዘብ ላስላልዎ?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉ፣ በባት ይሁን። በራሱ የሚያሰላው ምንዛሬ ለባንኩ እንጂ ለእርስዎ አይጠቅምም።

ጥሬ ዶላር ለያዘ፦ የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖት ከመቶው ያነሰ ዋጋ ያገኛል፤ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ጭራሽ ላይቀበሉት ይችላሉ። ሪዞርቱ ሲገቡ የሚጠይቀውን መያዣ ከዴቢት ካርድ ይልቅ በጥሬ ገንዘብ መስጠት ይሻላል። በካርድ ከሆነ ከወጡ በኋላም ገንዘቡ ለቀናት ታግዶ ሊቆይ ይችላል።

ክፍሉ ይሸታል፣ ኤሲው በራሱ ይጠፋል

የሚጠፋው በአብዛኛው የበረንዳው በር ላይ ባለ ሴንሰር ምክንያት ነው፤ በሩ በትንሹም ቢሆን ክፍት ከሆነ ይቆማል። ሽታው ከእርጥበት ነው። ኤሲውን 25 ወይም 26 ላይ አድርገው የውሃ ጠብታ ምልክት ያለበትን «ድራይ» የሚለውን ይምረጡ። 18 ላይ ማድረግ አንሶላውን ቀዝቃዛና እርጥብ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። ቁልፍ ካርዱን ይዘው ሲወጡ ፍሪጁም የሚጠፋ ከሆነ ሁለተኛ ካርድ ይጠይቁ። ዱሪያን የሚባለውን ፍሬ ግን ክፍል ውስጥ እንዳያስገቡ፤ ሽታው ስለማይለቅ ሆቴሎች ይቀጣሉ።

ጠዋት ሲነሱ ባሕሩ የለም

ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ባሕር ነበር፤ አሁን የሚታየው ጭቃና ድንጋይ ነው። ምክንያቱ የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበዛል። እንደ ራዋይ ያለው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ረጅም ርቀት ይደርቃል፤ ካታና ካሮን ግን ሲጎድልም ያስዋኛሉ። በሚሞላበት ሰዓት ግድም፣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መዋኘት ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ ዛሬ 3 ሰዓት የሞላው ነገ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል።

ይህ መጉደል ስድስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። ባሕሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከሸሸ፣ በተለይ መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ከሆነ፣ የሱናሚ ምልክት ነውና ዕቃ ሳይሉ ወደ ከፍታ ይሩጡ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ፉኬትን የመታው እንዲህ ነበር የጀመረው። የማምለጫውን አቅጣጫ የሚያሳዩ ሰሌዳዎች በየዳርቻው አሉ፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ተከትለው ይሂዱባቸው።

ወደ ዳር ይዋኛሉ፣ ዳሩ ግን ይርቃል

ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ላንጋኖ ላይ ዋና የቻለ ሰው ደግሞ አያውቀውም፣ ሐይቅ እንዲህ አይጎትትምና። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፤ በአንድ ጠባብ መስመር ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ይፈስሳል። በዚያ መስመር ላይ ሞገድ ስለማይሰበር ከሁሉ የተረጋጋ ይመስላል፣ ጀማሪም የሚመርጠው እሱኑ ነው። በሁለት ነጭ አረፋ መካከል ጠቆር ያለ ጸጥ ያለ ውሃ ካዩ አይግቡ።

ከገቡበት አይታገሉት። ወደ ውጭ ይወስዳል እንጂ ወደ ታች አይጎትትም፤ ሰው የሚሞተው በድካም ነው። በጀርባዎ ተንሳፍፈው ትንፋሽዎን ይሰብስቡ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው ያሳዩ። አቅም ካለዎ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኙ፤ ሞገድ የሚሰበርበት ቦታ ሲደርሱ በሰያፍ ወደ ዳር ይመለሱ።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ ከእኛ ክረምት ጋር ገጥሞ፣ ይህ ዳርቻ በዝናብ ነፋስ ይመታል። ቀይ ባንዲራ ካለ መዋኘት የለም፤ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነው ባንዲራ ነፍስ አድን የሚጠብቀውን ቦታ ያሳያል። ብቻዎን ከሆኑ በሁለቱ እንዲህ ያሉ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ይዋኙ።

ውሃ ውስጥ እንደ እሳት ይለበልብዎታል

ጄሊፊሽ ነው። ይውጡ፣ አይሹት፣ ጨው በሌለው ውሃም አይጠቡት፤ ሁለቱም በቆዳው ላይ የቀረውን መርዝ ያስለቅቁታል። አቼቶ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ያፍስሱበት፤ አንዳንድ ዳርቻ ላይ ለዚሁ ተብሎ ጠርሙስ ተተክሏል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከጨነቀ 1669 ይደውሉ፤ የአምቡላንስ ቁጥር ነው።

በጾም ቀን የሚበላ ይጠፋል

አትክልት አዝዘው የዓሣ ሽታ ያለው ይመጣል። «ናም ፕላ» የሚባለው የዓሣ ሶስ ከሞላ ጎደል በሁሉም ወጥ ውስጥ አለ፤ የካሪው ቅመም ደግሞ «ካፒ» በሚባል የሽሪምፕ ሊጥ ይሠራል። «ቬጅቴሪያን» ቢሉ እንቁላል ያስገቡልዎታል። ትክክለኛው ቃል «ጄ» ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። «ኪን ጄ» ብለው ይዘዙ። የጄ ምግብ ቤት ምልክቱ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ቁጥር 17 የሚመስል ፊደል ነው። ዓሣ በጾም የሚበላ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም። የሚያቃጥል ካልፈለጉ «ማይ ፔት» ይበሉ። ሚጥሚጣ የለመደ ሰው እንኳ አንዳንዴ ይህን ቃል ይፈልገዋል።

ሆድ ከተበላሸ፦ ኦአርኤስ በየፋርማሲው አለ። እኛ የምናውቀው ፓኬት በ1 ሊትር የሚበጠበጥ ነው፤ እዚያ ግን ለአንድ ብርጭቆ ብቻ የሆኑ ትንንሾች ይሸጣሉ። የተጻፈውን መጠን አይተው ይበጥብጡ።

ስኩተር ወይም ጄት ስኪ ሲመልሱ «ጎድተኸዋል» ይባላሉ

ጭረቱ ከፊት የነበረ ነው፣ ማስረጃ ግን የለዎትም፤ ፓስፖርትዎም እነሱ ጋ ነው። ፓስፖርት በመያዣነት አይስጡ፤ ኮፒና ጥሬ ገንዘብ የማይቀበል ቤት ይለፍዎ። ከመነሳትዎ በፊት አከራዩ ቆሞ እያየ ዙሪያውን ቪዲዮ ያንሱ፣ ጄት ስኪ ከሆነ ሆዱንም ጭምር። ክርክር ከተነሳ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው፤ እንግሊዝኛ ይናገራሉ።

ታይላንድ በግራ ነው የሚነዳው። መንጃ ፈቃድዎ ሞተር ሳይክልን ካላካተተ የጉዞ ኢንሹራንሱ አደጋ ቢደርስ አይከፍልም። የፓቶንግ ኮረብታ መንገድ በዝናብ ለጀማሪ አይሆንም፤ ግራብ ወይም ቦልት በሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ታክሲ ይጥሩ።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ይነሳል

ዴንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን ቆይቶ ስለሚወጣ፣ የአንድ ሳምንት መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ቤቱ ገብቶ ነው። አስተላላፊዋ ትንኝ እንደ ወባዋ የሌሊት ሳትሆን የቀን ናት፤ አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዲኢኢቲ የሚባለው ትንኝ ማባረሪያ ያለበት ቅባት ይቀቡ። አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያስበው ወባና ታይፎይድ ነውና ታይላንድ እንደነበሩ ይንገሩት፣ የዴንጊ ምርመራም ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪታወቅ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ያባብሳሉ።