ወር ሳይሞላ የሚያልቀው የቤት ገንዘብ

አሥራቱ በደመወዝ ቀን ይወጣል፣ አስቤዛው በልክ ይገዛል፣ ደብተሩም ሲደመር ልክ ይመጣል፤ ገንዘቡ ግን ወር ሳይሞላ ያልቃል። መጀመሪያ ወጪውን በየማታው መዘገብሁ። የት እንደሄደ አሳየኝ እንጂ አላስቀረውም። ቀጥሎ ገንዘቡን ለየወጪው በተለየ ፖስታ ከፋፈልሁ፤ የልጆቹ ጫማ ሲጠብብ ከምግቡ ፖስታ ተወሰደ፣ መተኪያም አልተገኘለትም።

የሠራው ይኸኛው ነው፦ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡትን ወጪዎች ብቻ በኤክሴል ዘረዘርሁ፤ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስ፣ በዓል፣ የጥርስ ሕክምና። (የሠርግ ስጦታም ይግባ፤ ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።) ድምሩን ለ12 አካፍዬ፣ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን፣ ልክ አሥራት በሚወጣበት ቀን ወደ ሌላ የቁጠባ ሒሳብ አዛወርሁት። በሉቃስ 14፥28 ያለው ግንብ ሠሪም ወጪውን የሚያሰላው ሥራውን ሳይጀምር ነው። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የምትጀምር እናት ግን ለ12 ሳይሆን እስከ ክፍያው ቀን ለቀሩት ወራት ታካፍል።