ጂን ግሬይ ሞታለች ወይስ ተሞሽራለች? ረጅም የሱፐርሂሮ ኮሚክን በደራሲው ዘመን ከፍሎ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

መጀመሪያ እጄ የገቡት የኤክስሜን ኮሚኮች ቅደም ተከተል አልነበራቸውም። ኤክስሜን «ሚውታንት» የሚባሉ፣ ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ጀግኖች ቡድን ነው፤ ጂን ግሬይም አንዷ ናት። በአንዱ ጂን ግሬይ ሞታ ጓደኞቿ ይቀብሯታል። በሌላው ቬሎ ለብሳ ከሳይክሎፕስ ጋር ትሞሸራለች። በሦስተኛው እንደገና ሞታለች፤ ባሏ ደግሞ አልቅሶ ሳይጨርስ ከሌላ ሴት ጋር ነው። የእኛ ተረት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል ያልቃል። ይሄኛው በ1963 ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም፤ ተራኪዎቹም ብዙ ናቸው። ግራ መጋባቴ የቀለለው ጂንን መከተል ትቼ የሚጽፏትን ሰዎች መከተል ስጀምር ነው።

የእንግሊዝኛ አንባቢዎች አንድ ደራሲ አንድን ኮሚክ በተከታታይ የሚጽፍበትን ጊዜ «ረን» ይሉታል፤ እኔ «ዘመን» እለዋለሁ። የደራሲው ነገር የተከራይ ነገር ነው። ቤቱ የአሳታሚው የማርቭል ነው፤ ተከራዩ ግድግዳ ይቀባል፣ ሚስማር ይመታል፣ ሲመቸው ክፍል ይቀጥላል፣ ከዚያ ወጥቶ ሌላው ይገባል። በተረከበውና ባስረከበው መካከል ያለው ልዩነት የእሱ ሥራ ነው። ለምሳሌ የምወስደው ክሪስ ክሌርሞንትን ነው። ከ1975 እስከ 1991፣ አሥራ ስድስት ዓመት ኤክስሜንን ጽፏል። ዘዴው ግን ለባትማንም ለስፓይደርማንም ይሠራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ደብተር ያዙ።

1. የዘመኑን ወሰን አስምሩ

በእያንዳንዱ እትም የመጀመሪያ ገጾች ላይ የደራሲው፣ የሠዓሊው፣ የቀለም ቀቢውና የአርታኢው ስም አለ። ከስንት ቁጥር ጀምሮ ከስንት እንደጨረሰ ጻፉ። ክሌርሞንት የጀመረው በቁጥር 94 ነው። ከእሱ በፊት መጽሔቱ ለአምስት ዓመት ያህል የድሮ ታሪኮችን ደግሞ ከማተም በቀር ሥራ አልነበረውም። በ1975 ሌን ዊንና ሠዓሊው ዴቭ ኮክረም በአንድ ልዩ እትም አዲስ ቡድን አዋቀሩ፤ ስቶርም፣ ናይትክሮለርና ኮሎሰስ የመጡት በዚያ ነው። ዊን ወዲያው ወጣና ቁልፉን ለወጣቱ ክሌርሞንት ሰጠ። በ1991 በአዲስ ቁጥር በተጀመረው ሁለተኛው የኤክስሜን መጽሔት ሦስት እትም ጽፎ ወጣ። የዚያ መጽሔት ቁጥር 1 ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል፤ ደራሲው በክብሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ቤቱን ለቀቀ ማለት ነው።

የሠዓሊዎቹንም ስም ጻፉ። ጆን በርን ከቁጥር 108 እስከ 143 ሲሥል ታሪኩንም አብሮ ይነድፍ ነበር። ካናዳዊ ስለሆነ ካናዳዊው ዎልቨሪን ወደ ጥግ እንዲገፋ አልፈለገም፤ እሱ ባይኖር ዛሬ የምናውቀው ዎልቨሪን አይኖርም ብዬ አምናለሁ። «የክሌርሞንት ዘመን» ስንል የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም።

2. የተረከበውን መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ስጡ፤ ገጹን ለሁለት ክፈሉት፦ «ሲረከብ»፣ «ሲያስረክብ»። ግራውን ለመሙላት ከዘመኑ በፊት የነበሩ ሁለት ሦስት እትሞች ይበቃሉ።

ዎልቨሪን በ1974 በሃልክ ኮሚክ ላይ ብቅ ያለ ቁጡ አጭር ሰው ነበር። ሌን ዊን ጥፍሮቹ ከጓንቱ የሚወጡ እንዲሆኑ አስቦ ነበር፤ በቁጥር 98 ግን ከገዛ ሥጋው እንደሚወጡ ታየ። አንዲት ትንሽ ለውጥ ናት፤ ግን ጓንት ይወልቃል፣ ሥጋ አይወልቅም። መሣሪያ የያዘ ሰው የነበረው ራሱ መሣሪያ የሆነ ሰው ሆነ። ማግኔቶ ደግሞ በ1963 ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ እየፎከረ የሚሸነፍ ክፉ ሰው ነው፤ ለምን ክፉ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። በጂን ግሬይ ገጽ ላይ የምትጽፉት ጥቂት ነው፦ ቀይ ፀጉር፣ ዕቃ በሐሳብ የምታንቀሳቅስ፣ የሳይክሎፕስ ፍቅረኛ።

3. ኃይሉን ተዉት፣ ፍርሃቱን ፈልጉ

ጀማሪ አንባቢ «እሱ ምን ማድረግ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ኃይል ግን ከደራሲ ደራሲ ብዙም አይለያይም፤ ስቶርም በሁሉም እጅ አየሩን ታዛለች። የደራሲው አሻራ ያለው ገጸ ባሕርይው በሚፈራውና በሚፈልገው ላይ ነው።

ስቶርምን ተከትላችሁ እዩ። ክሌርሞንት ሲረከባት በኬንያ እንደ አምላክ የምትታይ፣ ነፋስና ዝናብ የምታዝ ሴት ናት። ውብ ናት፣ ግን ሐውልት ናት። በቁጥር 102 ታሪኳን ከፈተው። እናቷ ኬንያዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ፤ በ1956 በስዊዝ ቦይ ጦርነት ጊዜ ካይሮ ላይ ቤታቸው ተንዶ ወላጆቿ ሞቱ፣ ሕፃኗ ከፍርስራሹ ሥር ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ጠባብ ቦታ ያስጨንቃታል። ሰማዩን የምታዝ ሴት በር ሲዘጋባት ትንቀጠቀጣለች። ሐውልቱ እዚህ ላይ ሰው ሆነ።

በዚህ ግን አላቆመም። በ1983 ረጅሙ ነጭ ፀጉሯ ተላጭቶ መሐል ለመሐል ቀጥ ያለ ቁንጮ ብቻ ቀረ፣ ልብሷ ጥቁር ቆዳ ሆነ፤ እንደ ልጅ የምትወዳት የቡድኑ ታዳጊ ኪቲ ፕራይድ አይታት ደነገጠች፣ ተከፋች። ብዙ አንባቢም እንደ ኪቲ ሆኖ ነበር። በቁጥር 185 ለሌላ ሰው የታለመ የጦር መሣሪያ ተኩስ አግኝቷት ኃይሏን አጣች። ከዚያ በኋላ፣ ያለ ምንም ኃይል፣ በቁጥር 201 ከሳይክሎፕስ ጋር ለቡድኑ መሪነት ተፋልማ አሸነፈችው። ዐይኑ ተራራ የሚሰነጥቅ ሰውዬ ባዶ እጇን በመጣች ሴት ተሸነፈ። ደራሲው ኃይሏን የነጠቃት ምን እንደሚቀር ሊያሳየን ነው፤ በቀኝ ዓምድ የምትጽፉት ያንን የቀረውን ነው።

አነጋገርንም አዳምጡ። ክሌርሞንት ኮሎሰስን ሩሲያኛ ቃል፣ ናይትክሮለርን ጀርመንኛ ጣል ጣል ያስደርጋቸዋል፤ ሮግን በአሜሪካ ደቡብ ለዛ ያናግራታል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያበዛዋል፤ ሥዕሉ ያሳየንን ደግሞ በጽሑፍ ይነግረናል፣ ሰዎቹም ከገደል እየወደቁ ረጅም ሐሳብ ያስባሉ። ይህም ቢሆን አሻራ ነው፤ ስሙ ባይጻፍ እንኳ ገጹን ታውቁታላችሁ።

የእጅ ጽሑፍ መለየት ለመለማመድ አንድ የማርቭል እትም አለ፤ ለእኛም ቅርብ ነው። የ77ቱ ድርቅ የዓለም መነጋገሪያ በነበረበት ሰሞን፣ በ1985፣ ለአፍሪካ ረሃብ እርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ አንድ ልዩ የኤክስሜን እትም ታተመ። ብዙ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ጥቂት ጥቂት ገጽ ተካፍለው ሠርተውታል፤ የአስፈሪ ልብ ወለድ ጸሐፊው ስቲቨን ኪንግ ኪቲን በረሃብ ሲያሠቃያት፣ አለን ሙር ማግኔቶን ጽፏል። እንደ ታሪክ የተጣጣመ አይደለም፤ ለልምምድ ግን አንድ ሰው በስንት እጅ ስንት መልክ እንደሚይዝ በአንድ ቁጭታ ያሳያል።

4. ውሳኔው የማን እንደሆነ አጣሩ

ገጸ ባሕርይ ሲሞት ደራሲውን ከመርገም በፊት አከራዩን ጠይቁ።

ክሌርሞንት ጂንን በቁጥር 101 ፊኒክስ አደረጋት፤ ኃይሏ ከልክ አለፈ። በቁጥር 135 አእምሮዋ ተቃውሶ አንዲት ኮከብ ዋጠች፤ በኮከቧ ዙሪያ ይኖር የነበረ ሕዝብ በሙሉ አለቀ። ክሌርሞንትና በርን ያሰቡት ፍጻሜ ኃይሏ ተነጥቆ በሕይወት እንድትቀር ነበር። ዋና አርታኢው ጂም ሹተር ግን እምቢ አለ፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ሕይወት ያጠፋ ሰው እንዲህ በቀላሉ ቤቱ አይገባም ባይ ነው። የተዘጋጀው ፍጻሜ ተቀይሮ በ1980፣ በቁጥር 137፣ ጂን ጨረቃ ላይ ራሷን አጠፋች። የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1984 ለብቻው ታትሞ ስለወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል። አንብቡት፤ የአለቃው ፍጻሜ ይሻላል። ይህን ስል የሚናደዱብኝ አሉ።

በደብተራችሁ ላይ እንዲህ ያለውን ቦታ በሌላ ቀለም አስምሩበት፤ የደራሲው ዕቅድ ያልነበረውን ሁሉ።

5. ቀጣዩ ተከራይ ምን አፈረሰ?

ያለፈን ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሶ «ለካ እንዲህ ነበር» ብሎ ማረም በኮሚክ ዓለም ሬትኮን ይባላል። በ1986 ማርቭል የመጀመሪያዎቹን አምስት ኤክስሜን የሚያሰባስብ ኤክስ-ፋክተር የተባለ አዲስ መጽሔት ሲጀምር ጂን አስፈለገች። ስለዚህ የሞተችው እሷ ሳትሆን መልኳን የወሰደው የፊኒክስ ኃይል ነበር ተባለ፤ እውነተኛዋ ጂን በኒውዮርክ ጃማይካ ቤይ ውኃ ሥር ተኝታ ተገኘች።

ችግሩ ክሌርሞንት ሳይክሎፕስን ማድሊን ፕራየር ከምትባል ሴት ጋር አጋብቶ፣ ልጅ አስወልዶ፣ ከጦርነት ጡረታ ሊያወጣው መንገድ ጀምሮ ነበር። በአዲሱ መጽሔት ሰውዬው ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ጥሎ ወደ ድሮ ፍቅረኛው ሄደ። አንድ የሌላ ሰው እትም የአሥር ዓመት ሥራን እንዲህ አበላሸ። ክሌርሞንት ሊያልፈው አልቻለም፤ በ1988 እና 1989 በወጣው የኢንፈርኖ ታሪክ ማድሊን ከጂን የተቀዳች ክሎን እንደሆነች ተገለጠ፣ በቂም ነድዳ ሞተች። ሳይክሎፕስን ነጻ ለማውጣት የተበደለችው ሴት ጥፋተኛ ሆነች። ከዘመኑ ሁሉ የማልወድለት ይህን ነው፤ ቤት ሲጠገን ስንጥቁን በምንጣፍ እንደ መሸፈን ያለ።

ግን የተረፈውንም ቁጠሩ፤ ትልቁ መለኪያ እሱ ነውና። በቁጥር 150፣ በ1981፣ ማግኔቶ በውጊያ መሐል ኪቲን የገደላት መሰለው። ልጅ መሆኗን ሲያይ ክንዱ ዛለ፤ እሱ ራሱ የናዚዎቹ የእልቂት ካምፕ የአውሽቪትዝ ልጅ መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። በቁጥር 200 ፓሪስ ላይ ለፍርድ ቀረበ፣ ቀጥሎም የቀድሞ ጠላቶቹን ትምህርት ቤት ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ስንት ደራሲ ወደ ክፉነት መለሰው! ያንን ልጅነት ግን የነካበት የለም። የ2000 ዓመቱ ፊልም እንኳ የሚጀምረው በ1944 ፖላንድ፣ ካምፕ በር ላይ ከእናቱ ከሚነጠል ልጅ ነው።

ከግራንት ሞሪሰን ዘመን ጋር አወዳድሩት። ሞሪሰን ከ2001 እስከ 2004 ሲጽፍ ማግኔቶን ዕፅ ያደነዘዘው፣ ዘመን ያለፈበት ገዳይ አድርጎ ጂንን አስገደለው፣ እሱንም አንገቱን አስቆረጠው። በዚያው በ2004 ማግኔቶ በሕይወት ታየ፤ የሞተው አስመሳይ ነው ተባለ። የጻፈው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተመልሶ የመጣው ክሌርሞንት! በአንጻሩ ሞሪሰን ሳይክሎፕስን ከቀድሞዋ ጠላት ከኤማ ፍሮስት ጋር ማጣመሩ፣ በጄኖሻ ደሴት 16 ሚሊዮን ሚውታንት ማለቃቸው ለዓመታት ሌሎች የጻፉበት መሠረት ሆነ። ለምን አንዱ ፈረሰ ሌላው ቆመ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የቆመው ለቀጣዩ ጸሐፊ የሚጽፈው ነገር የሚሰጥ ነው። አንገት የተቆረጠ ማግኔቶ በር ይዘጋል፤ ከጠላቱ ጋር የሚኖር ሳይክሎፕስ በር ይከፍታል።

6. ዓመቱን አትመኑ

ገጸ ባሕርያቱ እንደ እኛ አያረጁም፤ ታሪክ ግን ቀን አለው። በ1956 ሕፃን የነበረች ስቶርም ዛሬ አሮጊት መሆን ነበረባት፤ ስለዚህ ያ ጦርነት በስም ሲነሣ ሒሳብ አትሥሩ። ማግኔቶን ያዳነው ደግሞ አንድ አስቂኝ አደጋ ነው፦ በ1974 በሌላ ኮሚክ ወደ ሕፃንነት ተቀይሮ ነበር፣ በኋላ በክሌርሞንት ቁጥር 104 ተመልሶ ጎልማሳ ሆነ። ለዛሬ ሳቅ የተጻፈ ነገር የአውሽቪትዙን ሽማግሌ ጉልበት ሰጥቶ አቆየው።

ከየት ልጀምር?

አሥራ ስድስቱን ዓመት በሙሉ ማንበብ ግድ አይደለም። 94 እስከ 101ን፣ ከዚያ 129 እስከ 138ን፣ ቀጥሎ 150ን፣ 200ን፣ 201ን አንብቡ፤ ከሁለተኛው መጽሔት ደግሞ የሞሪሰንን ከ114 እስከ 116 ድረስ ቅመሱ። ያገኛችሁት አንድ ብቻ ከሆነ 186 ይሁን፤ ሥዕሉ የባሪ ዊንድዘር-ስሚዝ ነው። ኃይሏን ያጣችው ስቶርም በአንድ ሰው ቤት ታገግማለች፤ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ልትወደውም ምንም አልቀራት። ኃይሏን የነጠቀውን መሣሪያ የሠራው እሱ መሆኑን እስክታውቅ ድረስ።